የሾርባው አስተርጓሚ

«ይኼ ሾርባ አይደለም፤ ካሮት እግሩን የታጠበበት ውኃ ነው» አሉ ትልቋ እማማ፣ ማንኪያቸውን ሳህኑ ጠርዝ ላይ እያሳረፉ።

ከጠረጴዛው ማዶ የፌንጣ አያት ጭልፋ እንደያዙ ቆመዋል። ልጅቷን በጉጉት አይዋት። «ምን አለች?»

ፌንጣ አፏ ውስጥ ያለውን ቀስ ብላ ዋጠች። ለማሰቢያ የሚተርፋት ጊዜ ይቺው የመዋጫዋ ጊዜ ብቻ ናት። «‹ካሮቱ ቁልጭ ብሎ ይታወቃል› ነው ያሉት፣ አባባ።»

«አላልኩሽም?» የአያቷ ፊት በራ። «ምስጢሩ ካሮቱን ቀድሞ መክተት ነው። ልጨምርልሽ ወይ ይላል በያት።»

ፌንጣ ወንበሯን ወደ ትልቋ እማማ አስጠጋችና በግራ ጆሯቸው በኩል ጎንበስ አለች። ድምፅዋን ከፍ አላደረገችም። ትልቋ እማማ የሚሰሙት ሲጮሁላቸው ሳይሆን ጠጋ ብለው ቃሉን አንድ በአንድ ሲያስቀምጡላቸው ነው። «ይጨመርልዎት ወይ እያሉ ነው።»

«ካለፈው ወር ጀምሮ በቅቶኛል በይው።»

«ምን አለች?» አሉ አያቷ።

«ጠግበዋል። ‹እጅህ ይባረክ› ብለዋል።»

«እንግዲያው የእሷን ድርሻ አንቺ ጨርሺልኝ» ብለው አያቷ በፌንጣ ሳህን ላይ ጭልፋውን ገለበጡት። የአስተርጓሚ ደመወዝ ይኼው ነበር።

ፌንጣ የሚለውን ስም ያወጡላት ራሳቸው ትልቋ እማማ ናቸው፤ እግሯ ቀድሞ ረዝሞ ሌላው አካሏ ገና ስላልደረሰበት። ስምንተኛ ክፍል ናት። ነርስ እናቷ ሌላ ከተማ ወዳለ ሆስፒታል ስትዛወር ልጅቷን ከትምህርት ቤቷ ማፈናቀል አልፈለገችም። ስለዚህ ፌንጣ ከአያቷና ከአያቷ ታላቅ እህት ጋር አሮጌው ቤት ውስጥ ቀረች።

ቤቱ በዕድሜ ከሁሉም ይበልጣል። የሳሎኑ ጣውላ ሲረግጡት ያቃስታል። የጓዳው በር ካላነሱት አይዘጋም፣ ካልለመኑት አይከፈትም። ማቀዝቀዣው ደግሞ ሞተሩ ሲነሳ ዳገት ላይ እንደተያዘ የጭነት መኪና ይንዘፈዘፋል። ይህን ሁሉ ጫጫታ የማይሰሙት ትልቋ እማማ ብቻ ናቸው። ወጣትነታቸውን በክር ፋብሪካ ማሽኖች መካከል አሳልፈዋል፤ ማሽኑ በአንድ እጁ ደመወዝ እየሰጠ በሌላው ጆሯቸውን ቀስ በቀስ ወሰደው። ታናሽ ወንድማቸውን ያሳደጉትም ያስተማሩትም በዚያ ደመወዝ ነው። ወንድምየው ዛሬ ፀጉሩ ሸብቷል፣ ጡረታ ወጥቷል፣ የልጅ ልጅ አይቷል። ለትልቋ እማማ ግን አሁንም «ማሙሽ» ነው።

ማሙሽ ዕድሜያቸውን ሙሉ የአውቶቡስ መናኸሪያ አስተዋዋቂ ነበሩ። ድምፅ ማጉያው ቢበላሽም የሚያውቅ አልነበረም ይባላል፤ ድምፃቸው ራሱ ከጥግ እስከ ጥግ ይደርስ ነበር። ጡረታ ሲወጡ ወንበራቸው እዚያው ቀረ፣ ድምፃቸው ግን አብሯቸው ወደ ቤት መጣ። ጠዋት ጠዋት ከጓዳ ሆነው «ወደ ትምህርት ቤት የምትጓዥ መንገደኛ፣ ቁርስሽ በበር ቁጥር ሁለት ቀርቧል፤ ስለ ትዕግሥትሽ እናመሰግናለን» ይላሉ። ጎረቤት ያለው ልብስ ሰፊ ሳይቀር ይሰማቸዋል። ለትልቋ እማማ ጆሮ የሚደርሰው ግን ጉርምርምታ ብቻ ነው። አንድ ቀን አያቷ ከበር ላይ ሆነው «እትዬ፣ እንደምን አደርሽ» ሲሉ፣ ትልቋ እማማ ዝናብ የመጣ መስሏቸው የተሰጣውን ልብስ ሮጠው አስገብተዋል።

የመጀመሪያዎቹ የጡረታ ወራት ለአያቷ ክፉ ነበሩ። ጎሕ ሲቀድ ተነስተው፣ ሰማያዊውን የሥራ ኮት ለብሰው፣ ክራቫት አስረው፣ መስኮቱ አጠገብ ይቀመጣሉ። የሚሄዱበት የለም። መንገድ ላይ አውቶቡስ ሲያልፍ ከንፈራቸው ይንቀሳቀሳል። ያኔ ነው ሐኪም ለትልቋ እማማ «ጥርስዎ ስለተዳከመ ለስላሳ ምግብ ይሁን» ያላቸው። አያቷ በማግስቱ ኮቱን ሰቀሉት፣ ሽርጥ ታጠቁ፣ በሕይወታቸው ለመጀመሪያ ጊዜ ምድጃ አጠገብ ቆሙ።

የዚያን ዕለት ሾርባ ፌንጣ መቼም አትረሳውም። ድንች፣ ካሮትና ጥቅል ጎመን አንድ ላይ ተቀቅለው፣ እርስ በርሳቸው ሳይተዋወቁ ሳህን ላይ ወጡ። ትልቋ እማማ ቀመሱና «ይኼን የት ልትደፉት ነው?» አሉ። ፌንጣ ቀና ስትል የአያቷን ፊት አየች። ፈተና አስረክቦ ውጤት እንደሚጠብቅ ተማሪ፣ ጭልፋውን በሁለት እጃቸው ደረታቸው ላይ ይዘዋል።

«ምን አለች?»

«‹እጅህ ይባረክ› አሉ።»

አያቷ ፊታቸውን አዙረው ዓይናቸውን በሽርጣቸው ጠረግ ጠረግ አደረጉ። «ሽንኩርቱ ነው» አሉ። ሾርባው ሽንኩርት አልነበረውም፤ አንዱ ጉድለቱም እሱ ነበር።

እንግዲህ ውሸቱ እንዲህ ጀመረ። ከጀመረ በኋላ ደግሞ እንደ አሮጌው ቤት በር ሆነ፤ ለመዝጋት ጉልበት ይጠይቃል። «ጨው የለውም» ሲሉ ፌንጣ «ትንሽ ጨው ቢያገኝ ደግሞ ይብሱን ይጣፍጣል ብለዋል» አለች። አያቷ በማግስቱ ጨውን ያለ ስስት ነሰነሱት። ትልቋ እማማ ቀምሰው «ዛሬ ደግሞ ባሕር አመጣብኝ» አሉ። «‹እንደ ባሕር ሰፊ ሰው ነህ› አሉ» ብላ ተረጎመች፤ አያቷ ቀኑን ሙሉ እየተንጎራደዱ ዋሉ።

ትርጉሙ በሁለቱም በኩል ይሠራል። አያቷ ተበሳጭተው «ይቺን ሴትዮ ማስደሰት ድንጋይ እንደማሳቅ ነው በያት» ሲሉ፣ ፌንጣ ወደ ግራው ጆሮ ጠጋ ብላ «ዛሬ አምሮብዎታል እያሉ ነው» ትላለች። ትልቋ እማማም «ዓይኑን ይታከም» ይላሉ። «ምን አለች?» «‹ጤናህን ጠብቅ› ነው ያሉት።» ቤቱ ሰላም ነበር። ሾርባው ግን በየቀኑ መጣ። የምትወደድ ነገር ለምን ትቋረጣለች?

ከዕለታት አንድ ቀን ምሳ ላይ ስልክ ጮኸ። እናቷ ነበረች። አያቷ ስልኩን ከጆሯቸው አርቀው ይዘው ሰሙና፣ ጨርሰው ሲዘጉ ለመላው ሰፈር አስታወቁ። «ትኩረት ይሰጠን። ለእትዬ የመስሚያ መሣሪያ ተገኝቷል። እናትሽ ይዛው ቅዳሜ ትደርሳለች።»

ፌንጣ የያዘችው ዳቦ ሾርባው ውስጥ ወደቀ።

«ከእንግዲህ ድምፄን ትሰማለች» አሉ አያቷ። «አስቢው። እዚያ ማጉያ ላይ ስንት ዓመት ስናገር እሷ አንድ ቀን አልሰማችኝም። አሁን ግን ቁጭ ብለን እናወራለን፤ አንቺም ታርፊያለሽ፣ ልጄ፣ ደክሞሻል።» ከዚያም ዓይናቸው ብልጭ አለ። «የመናኸሪያ ባልደረቦቼን፣ ሾፌሩንና ትኬት ቆራጯን፣ ለምሳ እጠራቸዋለሁ። ‹እህቴ የምትሞትለት ሾርባ› እያልኩ ስነግራቸው አያምኑኝም። ከራሷ አፍ ይስሙ።»

በማግስቱ ፌንጣ ጉዳዩን ክፍል ውስጥ አብራት ለምትቀመጠው ልጅ አዋየቻት። ያቺ ልጅ ዘወትር የሰው ቻርጀር ስለምትለምን ስሟም «ቻርጀር» ሆኖ ቀርቷል። ቻርጀር ታሪኩን እየሳቀች ሰማችና በመጨረሻ «በቃ ተበላሽ» አለቻት።

«እሱንማ አወቅሁ። ምን ላድርግ?»

«ቀላል ነው። መሣሪያው ባትሪ አለው አይደል? ሰውሪያት። ሌላ እስኪገኝ ትተነፍሻለሽ።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያ ከዚያ ነው። ፋራ አትሁኚ።»

ሐሳቡ ፌንጣ ቦርሳ ውስጥ ገብቶ አብሯት ወደ ቤት ሄደ።

ከሰዓት ቤት ስትደርስ የትልቋ እማማ ክፍል በር ገርበብ ብሏል። አልጋው ላይ ክዳኑ በገመድ የሚታሰር አሮጌ ሻንጣ ተከፍቷል። ትልቋ እማማ ሹራባቸውን ያጣጥፋሉ፣ ይከታሉ፣ መልሰው ያወጣሉ፣ ደግሞ ያጣጥፋሉ።

ፌንጣ በግራ በኩል ጠጋ አለች። «ወዴት ነው፣ እማማ?»

«ዘመድ አይጠፋም» አሉ ቀና ሳይሉ። ቆይተው አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀመጡ። «እዚህ ቤት ደንቆሮዋ እኔ ነኝ ይባላል። የማይሰማው ግን እሱ ነው። ሩዝ በወተት ሥራልኝ ብዬ ለመንኩት። ትናንት ለመንኩ፣ ከትናንት ወዲያ ለመንኩ። ያንኑ ውኃ ይዞ ይመጣል፤ ይባስ ብሎ እየሳቀ። ልጅ ሆኖ እንቁላል አልወድም ሲለኝ አንድ ቀን አስገድጄው አላውቅም። ሰልችቼዋለሁ ማለት ነው። ሰው ሲሰለች አፍ አውጥቶ ሂጂ አይልም፤ ሾርባ ይሰጣል።»

ፌንጣ ሩዝ በወተቱን ታውቀዋለች። መጀመሪያ ሰሞን አንድ ጊዜ ለአያቷ አንስታላቸው ነበር። «ይሄን ያህል የምትወደውን ሾርባ ትታ ሩዝ?» ብለው ግራ ሲገባቸው ነገሩ እንዳይገለጥባት ፈርታ ተወችው። ከዚያ በኋላ ትልቋ እማማ ባነሱት ቁጥር ትርጉሙ ላይ ትዘለዋለች። አንዲት ቃል ብትጎድል ምን ይሆናል ብላ ነበር። የተዘለለችው ቃል ስትጠራቀም ሻንጣ እንደምትሞላ አላሰበችም።

«እሳቸው እኮ አልሰሙም» አለች በመጨረሻ።

«እንዴት አልሰማም? አንቺ ትነግሪው የለም ወይ?»

እዚያ ላይ እውነቱን መናገር ይቻል ነበር። አፏም ተከፍቶ ነበር። የወጣው ግን «ቢያንስ ቅዳሜን ይቆዩ» የሚል ሆነ።

«እሱንማ እቆያለሁ» አሉ ትልቋ እማማ። «ጆሮዬ ትምጣና በገዛ ጆሮዬ ልስማው። ከዚያ እሄዳለሁ።»

ፌንጣ ወደ ጓዳ ሄደች። ለአያቷ ልትነግራቸው ቆርጣለች። በሩን ከፍ አድርጋ ገፋ ስታደርገው ግን አያቷ የግድግዳው መስታወት ፊት ቆመው ጭልፋውን እንደ ማይክ አፋቸው አጠገብ ይዘው አገኘቻቸው።

«ውድ እህቴ፣ እንኳን በደህና መጣሽ» አሉ ለመስታወቱ። አንገታቸውን ነቀነቁ። «አይ። ‹እትዬ፣ ወንድምሽ ነኝ።› እሱንማ ታውቃለች።» ፌንጣን በመስታወቱ ውስጥ ሲያዩ አላፈሩም። «መጀመሪያ ምን ልበላት? መቼም የመጀመሪያው ቃል ትልቅ ነገር ነው።»

«አባባ…»

«እህ?»

«የቱም ጥሩ ነው» ብላ ወጣች።

ቅዳሜ እናቷ ትንሽ ሣጥን ይዛ በጠዋቱ ከተፍ አለች። ትልቋ እማማ ፀጉራቸውን አበጥረው፣ መርፌ እንደሚወጋ ሕፃን እጃቸውን ጭናቸው ላይ አጣጥፈው ሳሎኑ መሐል ተቀምጠዋል። አያቷ ሾርባውን ሊያዩ ጓዳ ናቸው።

«እጄን ልታጠብ» አለች እናቷ። «ይቺን ያዥልኝ፤ እንዳትጠፋ፣ ያለችን እሷ ብቻ ናት።» የምስር ፍሬ የምታክል ባትሪ ፌንጣ መዳፍ ላይ አኖረችና ሄደች።

ፌንጣ እግሯ ሥር አየች። በሁለቱ ጣውላዎች መሐል ያለው ክፍተት በዘመኑ ስንቱን ቁልፍና መርፌ ውጧል፤ አንዱም ተመልሶ አያውቅም። ጣቶቿን ትንሽ ላላ ማድረግ ብቻ ነው። «ወይኔ፣ አመለጠኝ» ማለት። ከዚያ ሰላም፣ ከዚያ ሾርባ።

ትልቋ እማማ ተመለከቷትና ፈገግ አሉ። «ምን ይላል ድምፅሽ? ከሩቅ ሰምቼው አላውቅም እኮ» አሉ።

እናቷ እጇን እያደራረቀች ስትመለስ ፌንጣ መዳፏን ዘረጋች። «ይኸው» አለች። አለቀልኝ፣ አለች በሆዷ።

መሣሪያው ጆሯቸው ላይ ተቀመጠ። እናቷ የሆነ ነገር ነካ ነካ አደረገች። የትልቋ እማማ ቅንድብ ቀስ ብሎ ወደ ላይ ወጣ።

«ምንድን ነው የሚንጫጫው?»

«ማቀዝቀዣው ነው፣ እትዬ» አለች እናቷ።

«ይሄ ያቃሰተውስ?»

«ወለሉ። ስለቆምኩበት ነው።»

«ውረጅለት እንጂ።» ዙሪያቸውን ገላመጡ። «እኔ ጸጥታ ያለበት ቤት ውስጥ የምኖር ይመስለኝ ነበር።»

በዚህ መሐል እንግዶቹ ደረሱ። ሾፌሩ በሩን ጎንበስ ብሎ የሚገባ ግዙፍ ሰው ነው፤ ዕድሜ ልኩን ትልልቅ አውቶቡስ ስለነዳ ይመስላል ሲቀመጥም ሲዞርም ቦታ እያየ ነው። ትኬት ቆራጯ ቀጭን ሴት ናት፤ ሰው ስታይ እስካሁን ወዴት እንደሚሄድ የምትጠይቅ ትመስላለች። ሁሉም ጠረጴዛውን ከበቡ። አያቷ ከጓዳ ወጡ። ሽርጡ ሥር ክራቫት አስረዋል። እህታቸው ፊት ቆመው ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«ውድ እህቴ…» ብለው ጀመሩ፣ በዚያ መናኸሪያ በሚሞላ ድምፅ።

ትልቋ እማማ ሁለት ጆሯቸውን በእጃቸው ያዙ። «ምነው ማሙሽ፣ ምን ሆነህ ነው የምትጮኸው? ደንቆሮ አለ እንዴ?»

ትኬት ቆራጯ ሳቋን በመሐረብ ያዘች። አያቷ ግን አልተከፉም፤ እህታቸው ሰምተዋቸዋልና። «እሺ፣ እሺ» አሉ ዝቅ ለማለት እየሞከሩ፣ ሾርባውን ቀዱ። መጀመሪያ ለእህታቸው፣ ቀጥሎ ለእንግዶቹ። «ብሉ እንጂ። እትዬ የምትሞትለት ይኼው ነው።»

ሾፌሩ አንድ ማንኪያ ጎረሰና ባለበት ደርቆ ቀረ። «ትኩስ ነው» አለ ዓይኑ እንባ አቅርሮ። ሾርባው ለብ ያለ ነበር።

«ማን ነው የሚሞትለት?» አሉ ትልቋ እማማ።

«አንቺ ነሻ፣ እትዬ።»

«እኔ?» ትልቋ እማማ ማንኪያውን አስቀመጡ። «እኔማ እሞትበታለሁ ነው ያልኩህ።»

ሾፌሩ ማንኪያውን ተከትሎ አስቀመጠ።

«ምን ማለትሽ ነው?» አሉ አያቷ። «ገና በመጀመሪያው ቀን ‹እጅህ ይባረክ› ያልሽኝ ማነሽ?»

«በመጀመሪያው ቀን ያልኩህ ‹ይኼን የት ልትደፉት ነው› ነው። ሩዝ በወተት ሥራልኝ እያልኩ ስለምንህስ ምነው ዝም አልከኝ?»

«የምን ሩዝ?»

ሁለቱ ተያዩ። ከዚያ ሁለቱም አንድ ላይ ወደ ፌንጣ ዞሩ። እናቷም ዞረች። ሾፌሩም ዞረ፣ ቦታ እያየ።

ፌንጣ ሾርባዋን ትመለከት ነበር። ካሮቱ ቁልጭ ብሎ ይታወቃል።

አያቷ አልተቆጡም። ሽርጣቸውን ፈቱ፣ ወንበር መደገፊያ ላይ አኖሩት፣ ወደ ጓዳ ገቡ። በሩን ከፍ አድርገው ዘጉት። ፌንጣ ተከተለቻቸው።

ምድጃው አጠገብ ጀርባቸውን ሰጥተው ቆመዋል። «እንዳያዝኑ ብዬ ነው፣ አባባ» አለች።

«አውቶቡስ ሲቀር ምን እል እንደነበር ታውቂያለሽ?» አሉ ሳይዞሩ። የዚያ ትልቅ ድምፅ ባለቤት መሆናቸው አያስታውቅም። «‹ቀርቷል› ነበር የምለው። ሰው ይናደዳል፣ ይሰድበኛል። ግን ተነስቶ ሌላ መኪና ይፈልጋል። ‹እየመጣ ነው› ብለው ኖሮ እስከ ማታ ተቀምጦ ይጠብቅ ነበር።»

ፌንጣ ወደ ምድጃው ጠጋ አለች።

«በይ ንገሪኝ» አሉ ዞረው። «ሁሉንም። እንዳለችው።»

ነገረቻቸው። ካሮት እግሩን የታጠበበትን ነገረቻቸው። ጎመኑን «የተበጣጠሰ የጫማ ማሰሪያ» ያሉበትን ቀን፣ ድንቹን ለበር ማቆሚያ ያጩበትን ቀን፣ ድመት እንኳ አሽትታ ይቅርታ ጠይቃ ትሄዳለች ያሉበትን። አያቷ እያንዳንዱን በጥሞና እየሰሙ ራሳቸውን ይነቀንቃሉ።

«‹እንደ ባሕር ሰፊ ሰው ነህ› ያለችኝስ?»

«ጨው በዝቶ ነው።»

አያቷ ዓይናቸውን ጨፈኑ። «እሱን ለሾፌሩ ነግሬዋለሁ። ለልብስ ሰፊውም ነግሬዋለሁ።»

«እና ደግሞ… ሻንጣ አዘጋጅተዋል» አለች ፌንጣ። «ሩዙን እርስዎ እያወቁ የከለከሏቸው መስሏቸዋል። ሰልችቼዋለሁ ብለዋል። ዘመድ ዘንድ ሊሄዱ ነው።»

«የምን ዘመድ?» አሉ አያቷ። ግራ ተጋብተው ዙሪያቸውን ተመለከቱ፣ ዘመዱ ጓዳ ውስጥ እንዳለ ሁሉ። «ዘመዷ እኔ አይደለሁ?»

በሩን ማንሳት ረስተው ገፉት፤ ተነቃነቀ እንጂ አልተከፈተም። ፌንጣ አንስታ ከፈተችላቸው።

ሳሎን ውስጥ እናቷ ዳቦና ሻይ አቅርባለች። እንግዶቹ ያለ ርኅራኄ እየበሉ ነው። ትልቋ እማማ ማቀዝቀዣው ሲነሳ ትዕግሥታቸው አልቆ መሣሪያውን አውልቀውታል፤ ጠረጴዛው ላይ ሆኖ ብቻውን ያፏጫል። ፌንጣ ከልማድ ወደ ግራ ወንበሯ ሄዳ ተቀመጠች። አያቷ ማዶ ቆሙ።

ትልቋ እማማ ወንድማቸውን አዩና ወደ ፌንጣ ዘንበል አሉ። «አኩርፎ እንደሆነ ጠይቂው። ልጅ ሆኖ ሲያኮርፍ ጓዳ ነበር የሚገባው።»

«ምን አለች?» አሉ አያቷ።

ጠረጴዛው ዙሪያ ያለው ሰው ሁሉ ማኘኩን አቆመ። ፌንጣ አፏን ከፈተች። ቃሉ ምላሷ ላይ ነው፤ በዚህ ጊዜ ደግሞ እውነተኛው፣ ሳይጨመርበት ሳይቀነስበት። ግን ዘጋችው። ተነሳችና ወንበሯን ለአያቷ ለቀቀች።

«እዚህ ይቀመጡ» አለች። «በግራ በኩል። ፊትዎን ያሳዩዋቸው። አይጩሁ።»

አያቷ ቀስ ብለው ተቀመጡ። ከልማድ ጉሮሯቸውን ሊጠርጉ ሲሉ ፌንጣ ጣቷን ከንፈሯ ላይ አደረገች። ጎንበስ አሉ። ዕድሜያቸውን ሙሉ ለሕዝብ ሲናገሩ ኖረው፣ ለአንድ ሰው መናገር የሚጀመረው ከየት እንደሆነ የጠፋቸው ይመስላሉ።

«እትዬ» አሉ በመጨረሻ፣ በጣም በቀስታ። «ምን አልሽ?»

ትልቋ እማማ ድንገት ቀና አሉ። የወንድማቸውን ፊት አጠኑት፣ ያ የዝናብ ጉርምርምታ ከዚህ አፍ ይወጣ እንደነበር ለማመን እንደሚቸገር ሰው።

«አኩርፈሃል ወይ ነው ያልኩህ።»

«ትንሽ።»

«ይገባሃል።» ዳቦ ቆርሰው ሰጧቸው። «ሩዙን አልሰማህም ነበር?»

«አልሰማሁም፣ እትዬ። ነገ እሠራልሻለሁ።»

«አይ፣ አንተ እንኳ አትሥራው።»

አያቷ ሳቁ። ትልቁ ሳቃቸው አልነበረም፤ ዝቅ ያለ፣ ከአንድ ጆሮ የማያልፍ ሳቅ ነው። ከዚያ የሆነ ነገር ጨምረው አንሾካሾኩ። ትልቋ እማማ አልያዙትም መሰል፣ ግንባራቸውን ቋጠሩና እንደ ልማዳቸው ፌንጣን ፈለጓት። ጠረጴዛው ጫፍ ላይ፣ ሾፌሩ አጠገብ አገኟት።

«ፌንጣ፣ ምን አለ?»

ፌንጣ ሰምታለች። ጥርት አድርጋ ሰምታለች። ትልቅ ቁራሽ ዳቦ አንስታ አፏን ሞላችና፣ በአገጯ ወደ አያቷ አመልክታ ማላመጥ ጀመረች።